መኪናችሁን ቱን ካደረጋችሁ በኋላ ትራክሽን ኮንትሮሉ ለምን ግራ ይጋባል፣ እንዴትስ ይስተካከላል

ይሄን የምጽፈው በተለይ ቱርቦ ያለው መኪና ገዝተው ሶፍትዌሩን አስቀይረው ጉልበት ለጨመሩ ወይም ሊጨምሩ ላሰቡ ልጆች ነው። ስለ ቡስት (ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚያምቀው የአየር ግፊት) እና ስለ ፈረስ ጉልበት የሚያወራ ሰው ሞልቷል፣ ስለ ትራክሽን ኮንትሮል፣ ጎማ እንዳይሾር ጉልበት ስለሚቀንሰው ሲስተም፣ ግን ብትጠይቁ የምትሰሙት አንድ ቃል ብቻ ነው፣ «አጥፋው»። እኔም እንደዛ ተብያለሁ፣ ምክሩ ስህተት እንደሆነም ያወቅኩት መንገድ ላይ ነው።

መኪናዬ የ2008 ቢኤምደብሊው 335አይ ነው፣ ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል፣ በኋላ ጎማ የሚነዳ፣ ኤን54 የሚባለው ባለ ሁለት ቱርቦ ሞተር ያለው። ከፋብሪካ ሲወጣ 300 ፈረስ ጉልበትና 407 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ኃይል) ነበረው። አንድ ጋራዥ ሶፍትዌር ጫኑልኝ፣ ዳይኖ (የጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ አውጥተው ወረቀት ሰጡኝ፣ ቶርኩ ወደ 540 ደርሷል፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማታ ዝናብ እየጣለ ሜሪላንድ ውስጥ ወደ 495 ሀይዌይ መግቢያውን ይዤ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጠው ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ቢጫ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች፣ ሞተሩ አንዴ ነዳጅ እንደተቆረጠበት ሆኖ ሞተ፣ ከዛ ሳላስበው ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ተመልሶ መጣና የኋላው ወደ ግራ ወጣ። እግዚአብሔር ይመስገን አጠገቤ መኪና አልነበረም፣ መሪውን መልሼ ያዝኩት፣ ዳር አቁሜ እጄ እስኪረጋ ቁጭ አልኩ። በማግስቱ ጋራዡ ጋ ደውዬ ስነግራቸው «ኖርማል ነው፣ ትራክሽኑን አጥፍተህ ንዳ» አሉኝ።

ኖርማል አይደለም። ከዛ በኋላ ብዙ ወር ሎግ (መኪናው ሲነዳ የተቀዳ የሴንሰር ንባብ) እያነበብኩ፣ የሚያውቁ ሰዎችን እየጠየቅኩ የደረስኩበት ነገር ይሄ ነው፣ ትራክሽን ኮንትሮል የሚሰራው በተነገረው ልክ ነው። ቱን ስታደርጉ ስለ ሞተሩ የሚደርሰው ወሬ ይቀየራል፣ ስለዚህ ስራው ይበላሻል። ቁልፉን ማጥፋት ወሬውን አያስተካክለውም።

መጀመሪያ ምን እንደሚሰራ እንግባባ

አራቱም ጎማ ላይ የኤቢኤስ የፍጥነት ሴንሰር አለ። ሲስተሙ ሞተር የሚነዳቸውን ጎማዎች ከማይነዳቸው ጋር ያወዳድራል። እኔ መኪና ላይ የመኪናውን እውነተኛ ፍጥነት የሚናገሩት የፊቶቹ ናቸው፣ የኋላዎቹ ከነሱ በልጠው ከዞሩ እየሾሩ ነው ማለት ነው። ትንሽ መሾር በራሱ ጥፋት አይደለም፣ እንዲያውም ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ ከሁሉም በላይ የሚይዘው ከመሬቱ ከ10 እስከ 20 ፐርሰንት አካባቢ በልጦ ሲዞር ነው። ከዛ ሲያልፍ መያዙ ይቀንሳል፣ ወደ ጎን የመያዝ አቅሙ ደግሞ ከዛ በባሰ ይወርዳል፣ የኋላው የሚወጣውም ለዛ ነው።

መሾሩን ለማቆም ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ሞተሩን መጠየቅ ነው። የዲኤስሲው (ቢኤምደብሊው የትራክሽንና የስታቢሊቲ ሲስተሙን የሚጠራበት ስም ነው) ሞጁል ኮምፒውተሮቹ በሚነጋገሩበት የካን መስመር ወደ ሞተሩ ኮምፒውተር፣ ማለትም ወደ ኢሲዩው፣ «አሁን 200 ኒውተን ሜትር ብቻ ስጠኝ» ብሎ በቁጥር ይልካል። በቁጥር የሚለውን ያዙልኝ፣ ሁሉም ነገር የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ኢሲዩው ፈጣን ዘዴ አለው፣ ኢግኒሽኑን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) ማዘግየት ወይም ለተወሰኑ ሲሊንደሮች ነዳጅ መቁረጥ፣ ይሄ ወዲያው በሚቀጥለው ፍንዳታ ላይ ይታያል። ዘገምተኛ ዘዴም አለው፣ ስሮትሉን፣ ማለትም አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበትን በር፣ መዝጋት። ቱርቦ ላይ ስሮትሉ ቢዘጋም ከስሮትሉ በኋላ ማኒፎልዱ ውስጥ የታመቀው አየር እስኪያልቅ ሞተሩ መሳቡን አያቆምም፣ ቱርቦውም መሽከርከሩን ይቀጥላል። ሁለተኛው መንገድ የሚሾረውን ጎማ ብቻውን ፍሬን መያዝ ነው።

ሀሳቡ አዲስ አይደለም፣ ቡዊክ በ1971 ማክስትራክ ብሎ ያወጣው ሲስተም ጎማ ሲሾር ኢግኒሽኑን ይቆራርጥ ነበር። ቦሽና መርሴዲስ በ1995 የመኪናውን መዞር ጭምር የሚቆጣጠረውን ኢኤስፒ፣ ማለትም ስታቢሊቲ ኮንትሮል፣ አመጡ፣ አሜሪካ ደግሞ ከመስከረም 2011 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ በሚመረት ቀላል መኪና ሁሉ ላይ እንዲኖር አስገደደች። ታሪኩን ያነሳሁት ለአንድ ነገር ነው፣ ዛሬ ትራክሽኑና ስታቢሊቲው አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። አንዱን ለማጥፋት ብላችሁ ቁልፉን ተጭናችሁ ስትይዙ ሌላውንም አብራችሁ ልታጠፉት ትችላላችሁ።

የማርሽ ሂሳብ ስሩ

ይሄን ማንም አይሰራውም፣ እኔ ግን ከሁሉም በፊት እንድትሰሩት እለምናችኋለሁ፣ አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው። የሞተሩ ቶርክ በማርሹ ሬሾ ይባዛል፣ ከዛ በዲፈረንሻሉ ሬሾ ይባዛል፣ ከዛ ለጎማው ራዲየስ በሜትር ይካፈላል፣ የሚወጣው ጎማው መሬቱን የሚገፋበት ኃይል ነው በኒውተን። ከሞተሩ እስከ ጎማው ድረስ በሰበቃ የሚጠፋውን ትንሽ ነገር ለጊዜው እንተወው።

የእኔ ሁለተኛ ማርሽ 2.40 ነው፣ ዲፈረንሻሉ 3.08፣ ጎማው ወደ 0.318 ሜትር። ስለዚህ ድሮ 407 ሲባዛ በ2.40 ሲባዛ በ3.08 ሲካፈል ለ0.318 ወደ 9,460 ኒውተን ነበር። አሁን በ540 ስሰራው ወደ 12,550 ይወጣል። መኪናው 1,600 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ግማሹ ኋላ ላይ ነው፣ ነዳጅ ስትሰጡ ደግሞ ተጨማሪ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ እሱን ሁሉ ደምሬ ጥሩ ጎማ በደረቅ መንገድ የሚችለው ከ9,500 ብዙም አያልፍም። አያችሁ? ፋብሪካው ሁለተኛ ማርሽን ልክ ጎማው ጫፍ ላይ ነው የተወው። እኔ ሦስት ሺ ጨመርኩበት።

ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሬሾው 1.58 ነው፣ በ540 ወደ 8,260 ይሆናል፣ ደረቅ ላይ ችግር የለውም። ዝናብ ሲዘንብ ግን ጎማው የሚይዘው ወደ ስድስት ሺ ወይም ከዛ በታች ይወርዳል። እና እኔ በሦስተኛ ማርሽ ዝናብ ላይ ረገጥኩት፣ ዲኤስሲው በፋብሪካው ዘመን ትንሽ ብቻ መቀነስ በቂ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ከጉልበቱ ሲሶውን በቅጽበት እንዲያወርድ ተጠየቀ ማለት ነው።

የራሳችሁን ሬሾ ፈልጋችሁ ለእያንዳንዱ ማርሽ ጻፉት። ወረቀቱን አትጣሉት፣ መጨረሻ ላይ እንፈልገዋለን።

ጎማ፣ ከሶፍትዌር በፊት

አንድ ጋሼ የምለው የድሮ መካኒክ መኪናዬን ገና ሳይከፍት ጎንበስ ብሎ ጎማውን ዳሰሰና «ልጄ ይሄ ጎማ 300ውንም አይችልም» አለኝ። ልክ ነበር። ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ኋላ ያሉትን አራት ቁጥሮች እዩ፣ 2319 ከሆነ በ2019 23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው። ጥርሱ ገና ቢሆን እንኳ ያረጀ ጎማ ይደርቃል። የሰመር ጎማ ከሆነ ደግሞ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ጎማው ይጠነክራል፣ ስለዚህ ኅዳር ጠዋት ላይ የምታዩት መሾር የቱኑ ጥፋት ላይሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የጎማ ቁመት ነው። ሲስተሙ የሚያወዳድረው የዙር ፍጥነት ስለሆነ የፊትና የኋላ ጎማ ዲያሜትር ግንኙነት ከፋብሪካው ከተለየ ሂሳቡ ይሳሳታል። የእኔ ፊት 225/40 ባለ 18 ነው፣ ኋላ 255/35 ባለ 18፣ ስታሰሉት 637 እና 636 ሚሊሜትር፣ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። አንድ ሰው «ሰፊ ይሻላል» ብሎ ኋላ ላይ 275/40 ቢያስገባ 677 ይሆናል፣ 6 ፐርሰንት ይበልጣል። ትልቅ ጎማ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ሲስተሙ ኋላው የዘገየ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ሲሾር ቶሎ አያየውም፣ 6 ፐርሰንቱን አልፎ ነው የሚነቃው። በተቃራኒው ደግሞ ፊት አዲስ ጎማ ኋላ ያለቀ ጎማ ብታደርጉ፣ ጥርስ ከ8 ሚሊሜትር ወደ 1.6 ሲወርድ ዲያሜትሩ ወደ 13 ሚሊሜትር ይቀንሳል፣ ይሄ 2 ፐርሰንት ነው፣ ሲስተሙ ሁልጊዜ ኋላው ትንሽ የሚሾር ይመስለዋልና ያለ ጊዜው ይነሳል። ቀጥታ መንገድ ላይ እየነዳችሁ ትንሽ ልዩነትን የሚማሩ ሲስተሞች አሉ፣ ገደብ ግን አላቸው።

ንፋሱንም ጠዋት ቀዝቃዛ እያለ ለኩ። የሙቀት መጠኑ በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀነሰ ቁጥር ወደ 1 ፒኤስአይ ይወርዳል።

ኮድ አንብቡ፣ መሪውን አስተካክሉ

ይሄ አጭር ነው። ኦቢዲው (የመኪናው መመርመሪያ ሶኬት) ላይ ሰክታችሁ የኤቢኤስና የዲኤስሲ ሞጁሉን ጭምር የሚያነብ መሳሪያ ተጠቀሙ፣ ርካሾቹ የሞተሩን ብቻ ነው የሚያነቡት። አንድ የጎማ ሴንሰር የሚቆራረጥ ከሆነ ቀሪው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። መኪናውን ዝቅ ካደረጋችሁት ወይም አላይመንት ካሰራችሁ የመሪው አንግል ሴንሰር ዜሮው ላይ እንዲስተካከል አድርጉ፣ አለበለዚያ ቀጥ ብላችሁ እየሄዳችሁ ሲስተሙ የምትታጠፉ ይመስለዋል።

ኤን54 ላይ ካንዴላና ኮይልም ቀይሩ። በከፍተኛ ቡስት ካንዴላው ሲያቅተው የሚሰማችሁ መቆራረጥ ልክ ትራክሽን ኮንትሮል የያዛችሁ ይመስላል፣ እኔ በዚህ አንድ ወር ጠፍቶብኛል።

ቱን ያደረገላችሁን ሰው የምትጠይቁት

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

ኢሲዩው ውስጥ የቶርክ ሰንጠረዥ አለ። ይሄን ያህል አየር ከገባ፣ ኢግኒሽኑ እዚህ ጋ ከሆነ፣ ሞተሩ ይሄን ያህል ኒውተን ሜትር እየሰጠ ነው የሚል። ቶርኩን የሚለካ ሴንሰር የለም፣ ኢሲዩው የሚያውቀው ከዚህ ሰንጠረዥ ነው። ቡስት ሲጨመር ኢሲዩው «ከተፈቀደው በላይ ቶርክ እየሰጠሁ ነው» ብሎ ስሮትሉን ይዘጋል። ይሄን ለማለፍ ሁለት መንገድ አለ። ጠንካራ ሰው ገደቦቹን አንድ በአንድ ከፍ አድርጎ ሰንጠረዡን ከአዲሱ እውነታ ጋር ያስማማዋል፣ ረጅም ስራ ነው። የሚቸኩል ሰው ደግሞ ሰንጠረዡ ላይ ያለውን ቁጥር ዝቅ አድርጎ ይጽፋል፣ ሞተሩ 540 እየሰጠ ኢሲዩው 400 ነው ብሎ ያምናል። መኪናው ይሮጣል፣ ኮድ አያወጣም፣ ሁሉም ደስ ይለዋል።

አሁን ዲኤስሲውን አስቡት። ኋላው ሾረ፣ «200 ስጠኝ» አለ። ኢሲዩው 200 ሰጠሁ ብሎ ያምናል፣ እውነቱ ግን 270 ነው። ጎማው መሾሩን አላቆመም። ዲኤስሲው እንደገና ይቀንሳል፣ 120 ይላል፣ የሚመጣው ግን 162 ነው፣ እያለ እያለ በጣም ወርዶ ጎማው ሲይዝ ሞተሩ ሞቷል፣ ቱርቦው ግን ገና እየተሽከረከረ ነው። ከዛ «ተመለስ» ሲባል አመላለሱም ፋብሪካው ካሰበው በሲሶ ይበልጣል፣ ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ይወረወራል፣ እንደገና ይሾራል። እኔ ዝናብ ላይ ያየሁት ሞቶ መነሳት ይሄው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት በትክክል ለዚህ ይሆናል።

ፒጊባክ የሚባሉት ሳጥኖችም በሌላ በር ገብተው ያንኑ ያደርጋሉ። ሳጥኑ በቡስት ሴንሰሩና በኢሲዩው መሀል ይቀመጥና እውነተኛው ቡስት 0.9 ባር ሲሆን ለኢሲዩው 0.6 ነው ይለዋል። አዲስ አበባ ዲዝል ፒክአፕ ላይ ቺፕ ያስገባችሁም ይሄ ይመለከታችኋል፣ ኮመን ሬይል (ዲዝሉ በከፍተኛ ግፊት የሚታመቅበት ቱቦ) ላይ የሚሰካው ሳጥን የነዳጁን ግፊት ከእውነቱ አሳንሶ ይናገራል፣ ስለዚህ ኢሲዩው ሳያውቀው ነዳጅ ይጨምራል። ክረምት ላይ እርጥብ ኮብልስቶን ስትወጡ ባዶ ፒክአፑ ኋላው ለምን እንደሚወራጭ ስትጠይቁ ይሄንንም አስቡበት። ከፍታም አለ፣ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ሳስቷል፣ ያለ ቱርቦ የሚሰራ ሞተር ከጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛው ያጣል፣ መተሐራ ስትወርዱ ከፊሉ ይመለሳል፣ ስለዚህ ላይ የፈተናችሁትን ታች ላይም ፈትኑት።

ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፣ እንዳሉ ጻፉላቸው። የቶርክ ሰንጠረዡ እውነተኛ ነው ወይስ ዝቅ ተደርጓል? ለእያንዳንዱ ማርሽ የተለየ የቶርክ ወይም የቡስት ገደብ አለው? ዲኤስሲው ቀንስ ሲል ኢግኒሽኑ እስከምን ድረስ እንዲዘገይ ተፈቅዷል? ትራክሽኑ በርቶ ዝናብ ላይ ፈትናችሁታል? የመጨረሻዋን በተለይ። የኔ ዓይነት መኪና ዳይኖ ላይ ሲወጣ ኋላው ይሽከረከራል ፊቱ ቆሟል፣ ለሲስተሙ ይሄ መቶ ፐርሰንት መሾር ነው፣ ስለዚህ የግድ አጥፍተው ነው የሚለኩት። የተሰጣችሁ ወረቀት ስለ ትራክሽን ኮንትሮል የሚናገረው አንድም ነገር የለም። ጥያቄውን ሲሰማ የሚቆጣ ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሎግ ማድረግ

በብሉቱዝ ኦቢዲ ስትሰሩ መስመር አታብዙ፣ ብዙ በመረጣችሁ ቁጥር በሰከንድ የሚመጣው ንባብ ይቀንሳል፣ ከ10 በታች ከሆነ ደግሞ የምንፈልገው ነገር በመሀል ያመልጣል። እኔ የምመርጠው ፔዳል፣ የስሮትል አንግል፣ የአንድ ሲሊንደር ኢግኒሽን፣ ቡስት፣ አርፒኤም፣ አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ ፍጥነት ነው። መሳሪያችሁ የጎማ ፍጥነት ካላነበበ አርፒኤሙን ተከታተሉ፣ ማርሽ ሳትቀይሩ አርፒኤሙ ዘሎ የመኪናው ፍጥነት ካልዘለለ ጎማው ሾሯል (ክላቹ እየተንሸራተተ ካልሆነ፣ እሱን ደረቅ መንገድ ላይ በአምስተኛ ማርሽ ለዩት)።

ስሮትል በተዘጋ ቁጥር ትራክሽን ነው አትበሉ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፔዳሉ ሳይነቃነቅ የኋላ ጎማው ከፊቱ ከበለጠ፣ ኢግኒሽኑ ወዲያው ከወረደ፣ ከዛ ስሮትሉ ከተከተለ፣ እሱ ትራክሽን ነው። ጎማዎቹ እኩል ሆነው ቡስቱ ከተፈለገው በላይ ወጥቶ ስሮትሉ ከተዘጋ ቡስቱ ስላለፈ ነው፣ ኤን54 ላይ በጣም የተለመደ ነው። ጎማዎቹም ቡስቱም ደህና ሆነው አንድ ሲሊንደር ላይ ብቻ ኢግኒሽን ሁለትና ሦስት ዲግሪ ከወረደ ኖክ (ነዳጁ ሲሊንደር ውስጥ ያለ ጊዜው መፈንዳቱ) ነው፣ ቤንዚኑን ወይም ቱኑን ተመልከቱ።

መፈተሽ

የሕዝብ መንገድ ላይ አይደለም። የሀይዌይ መግቢያ ላይ አይደለም። የኛ አካባቢ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት የሚባለው የመኪና ትራክ ስኪድ ፓድ (መንሸራተት የሚለማመዱበት ሜዳ) አለው፣ አውቶክሮስ (በኮኖች መሀል የሚነዳበት ውድድር) የሚያዘጋጁ ክለቦችም አሉ፣ ከፍላችሁ ግቡ፣ ከአንድ ቸርኬ ዋጋ በታች ነው። ልጆችን ይዛችሁ አትሂዱ፣ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱ ዳሽቦርዱን በስልክ ይቅረጽ።

ሁሉም ነገር በርቶ ጀምሩ። ሞተሩና ጎማው ይሙቅ። ቀጥ ያለ መስመር ላይ በሦስተኛ ማርሽ 2,000 አርፒኤም ይዛችሁ ፔዳሉን ሲሶ ያህል ርገጡና ሦስት ሰከንድ ያዙት፣ ልቀቁ። ቀጥሎ ግማሽ። ቀጥሎ ሦስት አራተኛ። ወደ ሙሉ መሄድ አያስፈልግም፣ ችግሩ ካለ ከዛ በፊት ይወጣል። እየረገጣችሁ መሪ አታጥፉ። ደረቁ ላይ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው እርጥቡ ላይ የምትሄዱት። በየመሀሉ አምስት ደቂቃ ቀስ ብላችሁ ንዱት፣ ለሁለት ምክንያት። ፍሬኑ በተደጋጋሚ ጎማ ሲይዝ ይግላል፣ ብዙ ሲስተሞች ደግሞ ፍሬኑ ግሏል ብለው ሲያሰሉ የፍሬኑን ክፍል ራሳቸው ያቆሙታል፣ ያኔ የምታነቡት ሎግ የተለየ መኪና ሎግ ነው። ሁለተኛው፣ ኢግኒሽን ሲዘገይ ፍንዳታው ወደ ጭስ ማውጫው ይሸጋገራል፣ ቱርቦውና ካታሊስቱ ይግላሉ። የኋላ ፍሬን ሸራችሁ ያለ ጊዜው ካለቀም ትራክሽኑ በየቀኑ እየሰራ እንደሆነ እወቁ።

ከሎጉ የምታዩት ከእነዚህ አንዱ ይሆናል። መብራቷ ሁለቴ ሦስቴ ብልጭ ብላ ጉልበቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀስ እያለ ከተመለሰ ጤነኛ ነው፣ አመስግናችሁ ሂዱ። ሞቶ፣ ተወርውሮ፣ እንደገና ሞቶ ከሆነ የቶርክ ሰንጠረዡ ዋሽቷል ወይም ጉልበቱ የሚመጣበት ፍጥነት ከልክ በላይ ነው። ጎማው በደንብ ሾሮ ቆይቶ ነው የነቃው ካላችሁ የጎማ ቁመታችሁን ተመለሱና እዩ። ሀይዌይ ላይ ቀጥ ብላችሁ በቀስታ ስትነዱ መብራቷ የምትበራ ከሆነም ጎማ ወይም ሴንሰር ነው።

ማስተካከል

ያቺን የማርሽ ሂሳብ ወረቀት አሁን አውጧት። ቱን የሚያደርግላችሁ ሰው በየማርሹ የቶርክ ገደብ ማስቀመጥ ከቻለ ግማሹ ችግር አለቀ። እኔ ሁለተኛ ማርሽን 420 ላይ አስቆምኩት፣ ሦስተኛን 480፣ 540ውን ከአራተኛ ጀምሮ ነው የለቀቅኩት። ጉልበቴን አጣሁ ብላችሁ እንዳትፈሩ፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ያ ትርፍ ጉልበት ጎማ ማቅለጫ ነበር፣ መኪናው አሁን ደረቅ ላይ ይበልጥ ይሮጣል። ከዛ ቡስቱ የሚነሳበት ፍጥነት፣ ከ2,000 እስከ 3,500 አርፒኤም ድረስ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ማድረግ። ጎማ መያዙን የሚያጣው ብዙ ጊዜ ቶርኩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሳይሆን እየዘለለ ሲመጣ ነው፣ ዲኤስሲውም የሚያየው ከሾረ በኋላ ስለሆነ የመነሻው ጊዜ ያስፈልገዋል።

የቶርክ ሰንጠረዡን ደግሞ እውነተኛ አስደርጉት። ይሄ ሁለት ሦስት ቀን ስራ ነው፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይገባዋል። ፒጊባክ ላይ ይሄ አይቻልም፣ በዛ ላይ ከሆናችሁ ጥሩ ጎማና ዝቅተኛ ቡስት ዝናብ ቀን ላይ ብቻ ነው የምመክራችሁ።

ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሾር ሁለቱን የሚያያይዝ) ላስገባ የምትሉ፣ ጥሩ ነው፣ የ335አይ ዲፈረንሻል ክፍት፣ ማለትም ሁለቱን ጎማ የማያያይዝ ስለሆነ፣ ዲኤስሲው የሚሾረውን አንድ ጎማ በፍሬን እየያዘ ነው ሊሚትድ ስሊፕን የሚያስመስለው። ግን አንድ ነገር እወቁ፣ ክፍት ዲፈረንሻል ላይ አንዱ ጎማ ሲሾር ሌላው መኪናውን ወደ ጎን ይዞ ያቆየው ነበር፣ አሁን ሁለቱም አብረው ይሾራሉ፣ ሲሾሩም ኋላው በሙሉ ይወጣል። ስለዚህ ዲፈረንሻሉ ከገባ በኋላ ፈተናውን ከመጀመሪያው ድገሙ።

የአክስቴ ልጅ የ2018 ጎልፍ ጂቲአይ አለው፣ ከፋብሪካ 220 ፈረስ ጉልበትና 350 ኒውተን ሜትር፣ እሱም ጨምሯል። በፊት ጎማ የሚነዳ ስለሆነ ነገሩ ይለያል፣ ነዳጅ ስትሰጡ ክብደቱ ወደ ኋላ ሄዶ የሚነዱት ጎማዎች ይቀልላሉ፣ መሪው ወደ ጎን ይጎትታል፣ አንዳንዴ ጎማው ይዝላል፣ ያ ዝላይ የሞተሩን ማያያዣ ጎማዎች ይጨርሳል። ለእሱ የታችኛውን የሞተር ማያያዣ ጠንከር ባለ ቀየርንና በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ቶርኩን አስቀነስን፣ ከዛ መሪው መጎተቱን ቀነሰ። እሱ ጋ ኋላ ስለማይወጣ አደጋው ያነሰ ይመስላል፣ ግን የሚሾር የፊት ጎማ መሪ አይቀበልም፣ ዝናብ ላይ ታጥፎ ቀጥ ብሎ ሊሄድ ነበር።

ቁልፉ

የእኔ መኪና ላይ ዲኤስሲ የሚለውን አንዴ ነካ ስታደርጉት ዲቲሲ ይሆናል፣ ትንሽ መሾር ይፈቅዳል፣ ስታቢሊቲው ግን አለ። ይሄ የተሰራው ለበረዶና ለጭቃ ነው፣ በረዶ ውስጥ ተይዛችሁ ስትወጡ ተጠቀሙበት። ተጭናችሁ ስትይዙት ሁለቱም ይጠፋሉ፣ ኤቢኤስ ብቻና በፍሬን የሚሰራው የዲፈረንሻል ማስመሰያ ይቀራሉ። መኪናውን አጥፍታችሁ ስታስነሱት ራሱ ይመለሳል። ትራክ ላይ የምታደርጉትን አልነካም፣ መንገድ ላይ ግን ቤተሰብ ይዛችሁ አታጥፉት፣ ይሄን እንደ ወንድም ነው የምለው።

እኔ ሁሉንም ከጨረስኩ በኋላ እርጥብ ስኪድ ፓድ ላይ ሦስተኛ ማርሽ ሦስት አራተኛ ፔዳል ሰጠሁት። መብራቷ ሁለቴ ብልጭ አለች፣ ሎጉ ላይ የኋላው ከፊቱ በ6 ኪሎሜትር በሰዓት በልጦ ነበር፣ ኢግኒሽኑ ወረደ፣ ስሮትሉ ትንሽ ብቻ ተከተለው፣ ከዛ ሁሉም አንድ መስመር ይዞ ተመለሰ፣ መሪው ቀጥ እንዳለ። አራት ጊዜ ደገምኩት፣ አራቱም አንድ ናቸው። ሎጉን አስቀምጬዋለሁ፣ ጎማ በቀየርኩ ቁጥር አዲስ እያወጣሁ ከሱ ጋር አወዳድራለሁ።